ግሩፕ ኢንተርቪው ገብታችሁ ታውቃላችሁ? የኔን ልንገራችሁ (ረጅም ነው)

ኮዬ_3ኛ_ፎቅ | ነሐሴ 10፣ ማታ 3፡15

ሰላም ለዚህ ቤት። አብዛኛውን ጊዜ አንብቤ ነው የምወጣው። ዛሬ ግን ካልጻፍኩ እንቅልፍ የሚወስደኝ አይመስለኝም።

ዘንድሮ ነው የተመረቅኩት፣ በአካውንቲንግ፣ ከክልል ዩኒቨርሲቲ። የመውጫ ፈተናውን በመጀመሪያው አለፍኩ። ቴምፖዬን (ጊዜያዊ ዲግሪዬን) ይዤ ኮዬ ፈጬ አክስቴ ኮንዶሚኒየም መጣሁና ሥራ ፍለጋ ጀመርኩ። ቴሌግራም ላይ «0 ዓመት» የሚል ማስታወቂያ አይቼ አልፌ አላውቅም። ወረዳው ምንም ይሁን፣ ደመወዙ «በስምምነት» ይሁን፣ አመለክታለሁ።

አንድ ትልቅ የግል ድርጅት ጠራኝ። ስሙን አልናገርም። የጽሑፍ ፈተናውን አልፈሻል፣ አሁን «አሴስመንት ዴይ» (የምዘና ቀን) ነይ ተባልኩ። ቦታው ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ አለፍ ብሎ ያለ አዳራሽ ነው። ሰዓቱ «8፡00» ይላል። ጠዋት ይሁን ከሰዓት የሚል ነገር የለውም። ኢሜይሉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ በፈረንጅ አቆጣጠር ይሆናል ብዬ ጠዋት 2 ሰዓት ገመትኩ። ለማንኛውም ብዬ 1 ሰዓት ተኩል ደረስኩ።

ሌሊቱን ሲዘንብ ነው ያደረው። ኮዬ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፣ ከኛ ብሎክ እስከ አስፋልቱ ነሐሴ ላይ ጭቃ ነው። አክስቴ የራሷን አሮጌ ሸራ ጫማ አስጠለቀችኝ፣ ደህናውን በፌስታል ያዝኩ። በር ላይ አንድ ሸምገል ያሉ ጥበቃ አሉ። እግሬን አዩና «ነይ የኔ ልጅ፣ እዚህ ገብተሽ ቀይሪ» ብለው ወንበራቸውን ለቀቁልኝ። ጭቃውን ጫማ ራሳቸው አንስተው ወንበሩ ስር አስቀመጡት። «ማን ልበል? ሌላ ሰው እንዳይወስደው» አሉኝ። በዚያ ቀን ስሜን የጠየቀኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። ከበሩ ወዲያ ቁጥር 11 ነበርኩ። ደረቴ ላይ ተለጥፎብኛል።

ወደ 60 ሰው እንሆናለን። በአንድ ጠረጴዛ ስምንት ስምንት አደረጉን። ግድግዳውን ተደግፈው ወረቀት የያዙ ሰዎች አሉ፣ አይስቁም፣ አያወሩም፣ ይጽፋሉ ብቻ። አንገትህን ስታክ ይጽፋሉ። ውሃ ስትጠጣ ይጽፋሉ።

የመጀመሪያው ሥራ ይሄ ነው። ድርጅቱ 5 ሚሊዮን ብር አለው። አምስት እቅድ ቀርቧል፦ መጋዘን 2.4፣ የጭነት መኪና 1.9፣ ሶፍትዌር 0.9፣ ማስታወቂያ 0.7፣ ሥልጠና 0.5። ሦስቱን ምረጡ፣ 30 ደቂቃ፣ በእንግሊዝኛ ብቻ። ሰብሳቢ የለም።

ቁጥር 14 ጀመረ። ልጁ ሸሚዙ ነጭ፣ እንግሊዝኛው ውሃ። «መጋዘን፣ መኪና፣ ሶፍትዌር» አለና ምክንያቱን ደረደረ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔ ወረቀቴ ላይ ደመርኩት፣ 5.2 መጣ። እንደገና ደመርኩት፣ ያው 5.2 ነው። ብሩ አይበቃም! 5.2ን በእስክሪብቶ ከበብኩትና ቁጥር 14 ትንፋሽ እስኪወስድ ጠበቅሁ። አልወሰደም። ጭራሽ በመሃል እጁን ዘርግቶ እስክሪብቶዬን ተዋሰኝ።

እኔ ቤት ሰው እያወራ ገብተሽ ካቋረጥሽ እናቴ በዓይኗ ነው የምትጨርስሽ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ኖሬ በ30 ደቂቃ ልቀየር?

ቁጥር 9 የምትባል ልጅ ወረቀቴን አየችና «አስራ አንድ የምትለው ነገር አላት» አለች። ሰባቱም ዞሩብኝ። ከኋላ ብዕር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። «በጀቱ…» ብዬ ጀመርኩ፣ ከዚያ «ይበልጣል» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ጠፋኝ። አራት ዓመት ሙሉ በየፈተናው የጻፍኩት ቃል! ምላሴ ታሰረ። ወረቀቱን ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። ቁጥር 14 አየውና «ልክ ነው፣ እኔም ልል የነበረው ይህንኑ ነው» ብሎ መኪናውን አውጥቶ ማስታወቂያን ተካና ቀጠለ። ግኝቱ የሱ ሆኖ አረፈው።

ምሳ ላይ የፍልሰታ ፆም ስለሆነ ግማሻችን የፆሙ ሰልፍ ላይ ነበርን። አንዱ «ሲበሉም ያዩናል» ብሎ አስወራ። ሽሮውን በሹካ ለመብላት የሞከረ ልጅ አይቻለሁ፣ እውነቴን ነው። ቁጥር 9 «አንቺ ምንም አልበላሽም» ብላ አጎረሰችኝ። ያ ተጽፎ ከሆነ አላውቅም።

ከምሳ በኋላ በፓስታ ግንብ ሥሩ ተባልን። ጥሬ ፓስታ፣ ፕላስተርና ክር ሰጡን። ጫፉ ላይ ሎሚ ይቀመጣል። ከፍ ያለው ያሸንፋል። የኛ ቆሞ ነበር፣ በስንት መከራ። ሎሚውን ስናስቀምጥበት ወገቡ ላይ እጥፍ አለ። ሎሚው ተንከባሎ ሄዶ የታዛቢዋ ጫማ ስር ገባ። አንስታ ሰጠችኝ። ፈገግ ያለች መሰለኝ። ወዲያው ግን ጻፈች።

ማጠቃለያው ለየብቻ የአስር ደቂቃ ጥያቄ ነበር። ከተቀጠርኩ የሙከራ ጊዜው ሦስት ወር ነው አሉኝ። ስወጣ ጥበቃው አባት ሸራ ጫማዬን በጨርቅ ጠርገው ጠበቁኝ።

ማታ ለአክስቴ ስነግራት ሌላውን ሁሉ ትታ «የሚበላውን ፓስታ?» አለች። ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ።

ጥያቄዬ፦ እነዚያ ሰዎች ምን ነበር የሚጽፉት? ማቋረጥ ነበረብኝ ወይ?

---

ሰሚት_72 | ነሐሴ 10፣ ማታ 3፡40

ሎሚ ተንከባሎ ሰው እግር ስር ከገባ እኮ በኛ ባህል ጥምቀት ነው እንጂ ቅጥር አይደለም። ታዛቢዋ ወንድም ካላት ሽማግሌ ጠብቂ።

---

ጨዋታው_አልቋል | ነሐሴ 10፣ ማታ 4፡02

እህቴ፣ አትድከሚ። ዝርዝሩ ድሮ አልቋል። ፓስታውም ሎሚውም ለሥርዓቱ ነው። የአጎት ልጅ ስም አስቀድሞ ገብቷል። እኔ 3.6 ይዤ ስንት ቦታ ዞሬ አሁን የሚሠራልኝ ሞተሬ ነው። የመውጫ ፈተናውንማ አለፍን፣ ያቃተን የመግቢያው ነው።

---

ቀጣሪ_የነበረው | ነሐሴ 10፣ ማታ 4፡30

ወንድሜ ጨዋታው_አልቋል፣ የምትለው የለም አልልም። አይቻለሁ። ግን ዘመድ የሚቀጥር ድርጅት ለ60 ሰው ምሳ አያበላም፣ ስልክ ይደውላል በቃ።

ኮዬ፣ 12 ዓመት ኤችአር (የሰው ኃይል ክፍል) ሠርቻለሁ፣ ግማሹን እዚያ ግድግዳ ላይ ቆሜ ነው ያሳለፍኩት። የምንጽፈውን ልንገርሽ።

ነገሩ የመጣው ከጦር ቤት ነው። እንግሊዞች በ1942፣ በነሱ አቆጣጠር ነው፣ መኮንን የሚሆን ሰው ሲያጡ በትምህርት ቤትና በዘር መምረጡን ትተው ልጆቹን ሜዳ ላይ አወጧቸው። ግንድና ገመድ ሰጥተው «ይህን መሰናክል ተሻገሩ» ይሏቸዋል። አለቃ አይሰየምም። ማን ምን እንዳደረገ ዳር ቆሞ የሚያይ ሰው አለ። ወደ ንግዱ ያመጣው ኤቲኤንድቲ የሚባለው የአሜሪካ ስልክ ኩባንያ ነው፣ በ1956፣ ዳግላስ ብሬይ የሚባል ሳይኮሎጂስት መርቶት። የሚገርመው ውጤቱን ለአለቆቹ አልሰጡም። ቆለፉበት። ከዓመታት በኋላ ማን ሹመት እንዳገኘ አይተው ካስቀመጡት ጋር አመሳከሩት። እኔ ይሄን ሥራ ያከበርኩት በዚህች ምክንያት ነው።

አሁን ወደ አንቺ። ጥሩ ታዛቢ «ጎበዝ ናት»፣ «ዓይን አፋር ናት» ብሎ አይጽፍም። ያየውን ነው የሚጽፈው። «9 ሌላ ሰው እንዲናገር አደረገች»። «14 ሳይደምር ወሰነ። ሲነገረው ቶሎ አረመ፣ ግን ያገኘችውን ሰው አልጠቀሰም»። «11 ስህተቱን አገኘች፣ ዘግይታ ተናገረች»። ማታ ታዛቢዎቹ ተቀምጠው እነዚህን ወረቀቶች ያስታርቃሉ። ብዙ ያወራ ብዙ ነጥብ ያገኛል የሚባለው ወሬ ነው።

እንዲህ የሚሆነው ግን ታዛቢው የሠለጠነ ከሆነ ነው። ለአንድ ታዛቢ ሁለት ሰው ቢበዛ ሦስት። አንድ ሰው ስምንት ሰው ሲያይ ከዋለ የሚያስታውሰው ነጭ ሸሚዝና ጥሩ እንግሊዝኛ ነው። እኔም ደክሞኝ እንደዚያ ያደረግኩበት ቀን አለ፣ ልዋሽሽ አልፈልግም። እንግሊዝኛውን በተመለከተ ከአለቆቼ ጋር ተጣልቼበታለሁ። ሥራው መጋዘን ቆጠራ፣ ደንበኛው አማርኛና ኦሮምኛ ተናጋሪ፣ ክርክሩ በእንግሊዝኛ! ማን ጥሩ ሠራተኛ እንደሆነ ሳይሆን ማን ውድ ትምህርት ቤት እንደተማረ ነው የምንለየው እላቸው ነበር። አልሰሙኝም።

ማቋረጥን አልመክርሽም። ወረቀት ላይ የቀረ ነገር ግን አይመዘንም። ሰው አታቋርጪ፣ ቁጥሩን ብቻ ጥሪ። «5.2» ብለሽ ዝም። ቁጥር ለመጥራት እንግሊዝኛ አያስፈልግም። ሁሉም ይዞራል።

---

ኮዬ_3ኛ_ፎቅ | ነሐሴ 10፣ ማታ 4፡51

«5.2» ብሎ ዝም። ወይኔ። እንዴት አልመጣልኝም? ወንድሜ እግዜር ይስጥልኝ።

---

ጎሮ_ማዞሪያ | ነሐሴ 11፣ ጠዋት 1፡20

ያ ድርጅት ሎሚ የሚያስቀምጠው ከሆነ ስምንት ሰዓት ላይ የመጣሁት እኔ ነኝ።

አትሳቁ። እውነት ነው። 8፡00 ይላል፣ እኔ ስምንት ሰዓት ሄድኩ። ምሳዬን በልቼ፣ ከረባቴን አስሬ፣ ዘና ብዬ። ጥበቃው አባት ሲያዩኝ በጣም አዘኑልኝ። «ልጄ፣ የሀበሻ ሰዓት መሰለህ?» አሉኝ። ውስጥ ገብተው ለመኑልኝ፣ እምቢ ተባሉ። ተመልሰው ሻይ ጋበዙኝ። በመስኮት ስትጯጯሁ ይሰማኛል፣ ያ ሎሚው የወደቀ ጊዜ መሆን አለበት።

ሀገሩ ኢትዮጵያ፣ ተጠሪው ሀበሻ፣ ሰዓቱ የማን እንደሆነ መጻፍ ምን ይከብዳል? «ጠዋት» የምትል አንዲት ቃል እኮ ናት።

---

ሰሚት_72 | ነሐሴ 11፣ ጠዋት 1፡26

ከረባት አስሮ ስምንት ሰዓት… ይቅርታ፣ ታክሲ ውስጥ ነኝ፣ ሰው እያየኝ ነው፣ ሳቄን ማቆም አልቻልኩም።

---

ጡረተኛው_አቃቂ | ነሐሴ 11፣ ጠዋት 3፡05

ልጆቼ፣ የኛን ዘመን ላጫውታችሁ። በደርግ ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ሥራ ፍለጋ አይዞርም። ምደባ ነው። ስምህና የምትሄድበት መሥሪያ ቤት ይነገርሃል፣ ሻንጣህን ትይዛለህ። ቁጥር የለ፣ ሎሚ የለ።

የተሻለ ነበር ማለቴ እንዳይመስላችሁ። እኔን ሰምቼው ወደማላውቅ አውራጃ ነው የላኩኝ። እናቴ ታማ ነበር፣ ቅርብ አድርጉኝ ብዬ ለመንኩ፣ «አብዮቱ ይጠራሃል» ተባልኩ። እኛን ማንም ምን ትወዳለህ ብሎ አልጠየቀንም። እናንተን አስር ጊዜ ይጠይቋችሁና አይቀጥሯችሁም። የቱ እንደሚያናድድ እኔ ልፈርድ አልችልም።

አንቺ ልጄ፣ የሸራ ጫማውን ነገር ወድጄዋለሁ። ለጥበቃው ሰላምታ አቅርቢልኝ።

---

ኮዬ_3ኛ_ፎቅ | ነሐሴ 11፣ ጠዋት 3፡30

ጋሼ፣ ኑሩልን። በዚያ ሳልፍ በርግጠኝነት አደርስልዎታለሁ።

---

ሕግ_የሚያነብ | ነሐሴ 11፣ ምሳ ሰዓት 6፡45

ሁላችሁም ሎሚው ላይ ስታተኩሩ አንድ ነገር አለፋችሁ። «የሙከራ ጊዜው ሦስት ወር ነው» ብላለች።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ60 የሥራ ቀናት በላይ አይፈቅድም። የሥራ ቀን ነው፣ የካሌንደር አይደለም። በሳምንት አምስት ቀን የሚሠራ ድርጅት ከሆነ 12 ሳምንት ነው፣ ሦስት ወር ቢሉ ብዙም አልራቁም። ቅዳሜን ሙሉ የሚያሠሩ ከሆነ ግን 60ው በአስር ሳምንት ያልቃል። ከዚያ በኋላ «ገና ሙከራ ላይ ነሽ» ቢሉሽ አይሠራም። በሙከራ መቅጠራቸው ደግሞ በጽሑፍ መሆን አለበት። ስለዚህ ስትፈርሚ ቅዳሜ ይሠራል ወይ ብለሽ ጠይቂ፣ ቀኑን ቁጠሪ፣ ቅጂውን ያዢ። ሰው በደስታ ሳያነብ ይፈርማል፣ ከዚያ ነው የሚያለቅሰው።

---

ጨዋታው_አልቋል | ነሐሴ 11፣ ምሳ ሰዓት 6፡58

መጀመሪያ ትቀጠር፣ ቅዳሜውን ኋላ እንቆጥራለን።

---

ቁጥር_አስራአራት | ነሐሴ 12፣ ማታ 2፡10

ለዚች መልስ ብዬ ነው አካውንት የከፈትኩት። ነጭ ሸሚዙ እኔ ነኝ።

ሊንኩን ጓደኛዬ ላከልኝ። «ስለ አንተ ነው» አለኝ። መጀመሪያ ላይ ልሰዳደብ ነበር፣ ሁለቴ አንብቤው ተውኩት።

ከተመረቅኩ ሁለት ዓመቴ ነው፣ መካኒካል። ገላን አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ቆጣሪ ነኝ። የዚያን ቀን አሞኛል ብዬ ቀርቼ ነው የመጣሁት። እንዲህ ያለ ግሩፕ ስገባ አራተኛዬ ነው። የመጀመሪያው ላይ እኔም እንዳንቺ ቁጭ ብዬ፣ ተራዬን ጠብቄ፣ ተራዬ ሳይደርስ አለቀ። ስወድቅ አንድ ጓደኛዬ «እዚያ ቤት ካልተናገርክ አልነበርክም» አለኝ። ከዚያ ወዲህ መናገር ብቻ ሆነ። እንግሊዝኛው ውሃ ያልሽው በቃሌ የያዝኩት ነው። መግቢያ አለኝ፣ መሸጋገሪያ አለኝ፣ መዝጊያ አለኝ። ርዕሱ ምንም ቢሆን እሱን ነው የምለው። ለዚያ ነው ትንፋሽ ያልወሰድኩት። ካቆምኩ ይጠፋብኛል።

መደመር አልደመርኩም። ዕቃ ስቆጥር የምውል ሰው መደመር አልቻልኩም! ወረቀትሽን ሳየው «እኔም ልል የነበረው» ያልኩት ደንግጬ ነው። ልል የነበረው አልነበረም። ይቅርታ።

እስክሪብቶሽም እኔ ጋ ነው። ሰማያዊ፣ ክዳኑ የተነከሰ።

---

ኮዬ_3ኛ_ፎቅ | ነሐሴ 12፣ ማታ 2፡35

ክዳኑን የነከስኩት አንተ ስታወራ ነው።

እሺ። ይቅርታህን ተቀብያለሁ። ሁለት ቀን ሙሉ በልቤ ስሰድብህ ስለነበር እኔም ይቅርታ።

---

ቀጣሪ_የነበረው | ነሐሴ 12፣ ማታ 3፡00

አስራ አራት፣ በቃሉ የያዘ ሰው ከግድግዳው ጋ ሆኖ ለሚያይ ያስታውቃል። ዓይንህ ጠረጴዛው ላይ አይደለም፣ ጣሪያው ላይ ነው። በሚቀጥለው መግቢያህን ጣልና የመጀመሪያዋን ደቂቃ ዝም ብለህ ደምር።

---

ጎሮ_ማዞሪያ | ነሐሴ 12፣ ማታ 3፡04

በሚቀጥለው እኔ ሌሊት 8 ሰዓት ሄጄ እዚያው አድራለሁ።

---

ኮዬ_3ኛ_ፎቅ | ነሐሴ 21፣ ማታ 1፡50

ለጠየቃችሁኝ፦ መጣ። «ስለተሳተፉ እናመሰግናለን፣ በዚህ ጊዜ ግን…» የሚለው ነው። ቀጥታ «ውድ አመልካች» ይላል። 11 እንኳን አላሉኝም።

ቁጥር 9 ተጠርታለች፣ ምሳ ላይ ስልክ ተለዋውጠን ነበር። ደስ ብሎኛል። ትንሽ ቀንቻለሁም። ሽንት ቤት ገብቼ አልቅሼ ወጥቼ ነው «እንኳን ደስ አለሽ» ብዬ የደወልኩላት። ቅዳሜ እስከ 6 ሰዓት ተኩል እንደሚሠራ ጠይቃ አውቃለች፣ ለሕግ_የሚያነብ ንገሩልኝ።

አክስቴ ስነግራት «እንኳንም ቀረሽ፣ በእህል የሚጫወት ቤት በረከት የለውም» አለች። ማታ ፓስታ ሠራች።

---

ቁጥር_አስራአራት | ነሐሴ 21፣ ማታ 2፡15

እኔም ያው መጥቶልኛል። ቃል በቃል አንድ ነው።

የፊታችን ቅዳሜ አንድ ባንክ የጽሑፍ ፈተና አለው፣ ስምሽ ዝርዝሩ ላይ አለ? አካውንቲንግ ብዙ ጠርተዋል። ግሩፕ የለውም፣ የምርጫ ጥያቄ ብቻ ነው። በኋላ ዋስ አምጡ ይላሉ እንጂ።

---

ኮዬ_3ኛ_ፎቅ | ነሐሴ 21፣ ማታ 2፡22

አለሁ። 2፡30 ይላል፣ «ጠዋት» ብሎ ጽፎታል ተመስገን። ጎሮ_ማዞሪያ አንተም እይ።

ቱሉ ዲምቱ ታክሲ ተራ 12 ሰዓት ተኩል እንገናኝ? ከዚያ በኋላ ሰልፉ አይቻልም።

---

ቁጥር_አስራአራት | ነሐሴ 21፣ ማታ 2፡24

እሺ። እስክሪብቶሽን ይዤ እመጣለሁ።

---

ኮዬ_3ኛ_ፎቅ | ነሐሴ 21፣ ማታ 2፡25

የራስህንም ያዝ።